በሻንጣ ሥር የመጣ መስተዋት

አጎቴ በ1975 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ጨርሰው ከምሥራቅ ጀርመን ወደ አዳማ ሲመለሱ፣ በሻንጣቸው ሥር፣ ከሸሚዝና ከሹራብ በታች፣ በቡናማ ወረቀት የተጠቀለሉ አሥራ አንድ መጽሔቶች ነበሩ። ይህን ጽሑፍ መጻፍ ስጀምር ከአሥራ አንዱ የቀሩት ሰባት ነበሩ። ሽፋናቸው ዙሪያውን በቀይ ጠርዝ የተከበበ ነው፤ የተሰፉበት ሽቦ ዝጎ ወረቀቱን በልቶታል፤ የአዳማ ሙቀትና አቧራም ገጾቹን የሻይ ቀለም አስይዟቸዋል። በኅዳጉ ላይ አጎቴ በእርሳስ የጻፏቸው የአማርኛ ፍቺዎች ዛሬም ይነበባሉ። አንዱ ገጽ ላይ «ላንደስፈራት» ከሚለው ቃል ትይዩ «አገር መክዳት» ብለው ጽፈው ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። ያች ቃል በዚህ መጽሔት ታሪክ ውስጥ ምን ያህል ከባድ ቦታ እንዳላት የተረዳሁት ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ የአዳማ ዩኒቨርሲቲ በጀርመናዊ ፕሬዚዳንት ይመራ በነበረበት ጊዜ እኔም እንደ ብዙዎቹ የከተማው ወጣቶች ጀርመንኛ መማር ያዋጣል ብዬ ተነሥቼ፣ እነዚያን መጽሔቶች እንደ መማሪያ መጽሐፍ መግለጥ ስጀምር ነው።

መጽሔቱ ደር ሽፒግል ይባላል፤ መስተዋት ማለት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በምዕራብ ጀርመን ፖለቲካ ላይ የእሱን ያህል ጫና ያሳደረ ሳምንታዊ መጽሔት የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከዚህ በታች ስለ ጀርመን የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጎቴና እኔ ስለዚህ መጽሔት ለዓመታት የምንከራከርበት አንድ ነገር አለ። እሳቸው የሽፒግል ኃይል ያለው በማኅደሩ ነው ይላሉ፤ ማለትም እያንዳንዱን ስም፣ ቀንና አኃዝ ከመታተሙ በፊት የሚፈትሹ ሠራተኞች ባሉበት፣ በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ ትልቅ ከሚባሉት የመረጃ ክፍሎች አንዱ በሆነው የራሱ ጓዳ ውስጥ። እኔ ደግሞ ታሪኩን ደጋግሜ ባነበብኩ ቁጥር የማየው ሌላ ነው። ይህ መጽሔት ሊሞት በደረሰበት ጊዜ ሁሉ ያዳነው ከበሩ ውጭ የመጣ እጅ ነበር፤ ለዚህም ከልደቱ ጀምሮ ማስረጃ አለኝ።

በኅዳር 1946 ሃኖቨር በቦምብ የፈራረሰች፣ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር የምትገኝ ከተማ ነበረች። ጆን ቻሎነር የተባለ የሃያ ሁለት ዓመት እንግሊዛዊ ሻለቃ፣ ጀርመኖች የአሜሪካውን ታይም የመሰለ የዜና መጽሔት ያስፈልጋቸዋል ብሎ አሰበ። አብረውት የሠሩት ሁለቱ ሰዎች የእንግሊዝን ጦር ልብስ የለበሱ አይሁዳውያን ስደተኞች ነበሩ፤ አንዱ ከፕራግ የሸሸው ሃሪ ቦረር፣ ሌላው ከራሷ ከጀርመን የሸሸው የሕግ ባለሙያ ሄንሪ ኦርመንድ። መጽሔቱን «ይህ ሳምንት» ብለው ሰየሙት። ጋዜጠኞቹ ግን የተሰጣቸውን ነጻነት ከምር ወስደው ራሳቸውን ገዢዎቹን መተቸት ጀመሩ፤ ከለንደንም ከሌሎቹ ተባባሪ መንግሥታትም ቁጣ ተነሣ። ጥቂት እትሞች እንደወጡ እንግሊዞቹ መጽሔቱ ስማቸውን እንዳይሸከም ወሰኑና ፈቃዱን ለጀርመኖች አስተላለፉት። የተረከበው ሩዶልፍ አውግሽታይን ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ የመድፈኛ ጦር መኮንን ሆኖ ያገለገለ የሃኖቨር ልጅ ነው። ስሙ መቀየር ነበረበትና መስተዋት ተባለ፤ የመጀመሪያው እትም በጥር 4 ቀን 1947 ወጣ። ወረቀት በራሽን ስለነበር የታተመው 15,000 ቅጂ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የምገረምበት ነገር አለ። የጦር አሸናፊ፣ የሚተቸውን መጽሔት መዝጋት ሲችል፣ ትችቱን ከራሱ ትከሻ አውርዶ ለተሸናፊው ሰጠው። ይህ ደግነት አልነበረም፤ ኃላፊነትን መሸሽ ነበር። ሆኖም ከዚያ ሽሽት የተወለደው መጽሔት የጀርመንን መንግሥት ለማንገዳገድ አሥራ ስድስት ዓመት እንኳ በቅጡ አልፈጀበትም።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በችኮላ ላልፋቸው እችላለሁ። በ1950 ሽፒግል፣ የምክር ቤት አባላት ፍራንክፈርትን ትተው ቦንን ዋና ከተማ አድርገው እንዲመርጡ ገንዘብ ተሰጥቷቸዋል ብሎ ጻፈ፤ ምክር ቤቱም አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴውም በመጽሔቱ ስም እስከ መጠራት ደረሰ። በ1952 ዝግጅት ክፍሉ ከሃኖቨር ወደ ሃምቡርግ ተዛወረ። በዚያው ዓመት ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኮንራድ አደናወር የጻፈው ነገር አንድ እትሙን አስወረሰበት።

በችኮላ የማላልፈው አንድ ጉድፍ ግን አለ። አይሁዳውያን ስደተኞች ባዋለዱት በዚህ መጽሔት ውስጥ፣ ገና አሥር ዓመት ሳይሞላው፣ ሆርስት ማንከና ጌኦርግ ቮልፍ የተባሉ የናዚዎች የታጠቀ ክንፍ የነበረው የኤስኤስ ሁለት የቀድሞ መኮንኖች የክፍል ኃላፊዎች ሆነው ይሠሩ ነበር። አውግሽታይን ማን እንደሆኑ ያውቅ ነበር። አጎቴ ይህን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «መስተዋት ጀርባው ጥቁር ካልሆነ አያሳይም» አሉኝ። አባባሉ ያማረ ነው፤ እኔ ግን እንደ ማስተባበያ አልተቀበልኩትም። ያ መጽሔት የሌላውን ሰው የናዚ ዘመን ማኅደር እየገለጠ ሹማምንትን ከወንበራቸው ያስነሣ ስለነበር፣ የራሱን ጓዳ አለመግለጡ ከሌሎቹ በላይ ያስጠይቀዋል።

ወደ 1962 ልምጣ፤ የአጎቴ እርሳስ ሁለት ጊዜ ያሰመረባት ቃል የምትገኘው እዚያ ነው። በዚያ ዓመት መስከረም የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን (ኔቶ) ጦር «ፋሌክስ 62» የተባለ የጦር ልምምድ አድርጎ ነበር። በልምምዱ መነሻ ሐሳብ መሠረት ሶቪየት ኅብረት በኑክሌር ብታጠቃ የምዕራብ ጀርመን ጦር ምን ያህል ይቋቋማል የሚለው ተመዘነ። ውጤቱ ለመከላከያ ሚኒስትሩ ለፍራንዝ ዮሴፍ ሽትራውስ አሳፋሪ ነበር። ቃል ኪዳኑ ለአባል ጦሮች ከሚሰጣቸው አራት ደረጃዎች ለጀርመን የደረሳት የመጨረሻው ሆነ፤ እሱም ለመከላከል የተዘጋጀው በከፊል ብቻ ነው የሚል ነበር። ኮንራድ አለርስ የተባለው የሽፒግል ምክትል ዋና አዘጋጅ ይህን በጥቅምት 1962 ሰፊ ጽሑፍ አድርጎ አወጣው፤ ርዕሱንም ከዚያው ደረጃ ወሰደው። ጽሑፉን ዛሬ ሲያነቡት ደረቅ ነው። በአኃዝ፣ በክፍለ ጦር ስምና በሮኬት ዓይነት የተሞላ በመሆኑ እኔ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አቁሜዋለሁ።

በጥቅምት 26 ቀን 1962፣ ዓርብ ማታ፣ ዓለም ሁሉ የኩባን የሚሳይል ፍጥጫ ትንፋሹን ይዞ በሚከታተልበት ሳምንት፣ ፖሊስ ሃምቡርግ የሚገኘውን የሽፒግልን ቢሮ ወረረ። ጥርጣሬው የአገር ክህደት ነበር፤ ላንደስፈራት። ከመቶ የሚበልጡ ክፍሎች ታሸጉ፤ ፍተሻውም አንድ ወር ያህል ፈጀ። አውግሽታይን በማግስቱ ራሱ እጁን ሰጠ፤ 103 ቀንም ታሰረ። አለርስ በዚያ ሌሊት ከባለቤቱ ጋር በስፔን ቶሬሞሊኖስ ለእረፍት ሄዶ ሳለ፣ ሽትራውስ ማድሪድ ለነበረው የጀርመን ወታደራዊ አታሼ ስልክ ደወለ። የስፔኑ አምባገነን የፍራንኮ ፖሊስም ሰውየውን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ወሰደው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለእኔ የታሪኩ ሁሉ እምብርት ነው። የሽፒግል ቢሮዎች ይገኙበት በነበረው በዚያው ሕንፃ ውስጥ ሳምንታዊው ጋዜጣ ዲ ሳይትና ሌሎችም ይሠሩ ነበር። ዲ ሳይት ክፍሎቹን ከፈተላቸው፤ ሽቴርን የተባለው መጽሔትና የከተማው ዕለታዊ ጋዜጦችም ጠረጴዛ፣ የጽሕፈት መኪና፣ ስልክ አዋጧቸው። እነዚህ ሰዎች አንባቢ የሚሻሙ ተቀናቃኞች ነበሩ። በጊዜው ሽፒግል የሚያሳትመው ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ቅጂ ስለነበር፣ አንድ ሁለት ሳምንት ከገበያ ቢጠፋ ማስታወቂያውና አንባቢው ወደ እነሱ ይሄድ ነበር። ዝም ማለት ብቻ ይበቃቸው ነበር፤ እነሱ ግን ለተቀናቃኛቸው ወንበር አወጡ። መጽሔቱም አንድም ሳምንት ሳያቋርጥ ወጣ።

ይህን ሳነብ የሚታወሰኝ የእኛው የአዳማ የመጽሔት ኪራይ ነው። የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ፖስታ ቤቱ አካባቢ ከዛፍ ሥር፣ ከአዲስ አበባ በጠዋቱ አውቶቡስ የመጡ ጋዜጦችና መጽሔቶች በፕላስቲክ ምንጣፍ ላይ ተዘርግተው ይከራዩ ነበር። ሃያ አምስት ሳንቲም ከፍሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንብቦ መመለስ ነው። አንድ መጽሔት አዘጋጁ ታስሮ መውጣት ሲያቆም፣ አከራዩ በባዶው ቦታ ላይ ሌላ መጽሔት አስጠግቶ ይዘረጋል፤ እኛም ያንኑ ሃያ አምስት ሳንቲም ከፍለን ያንን እናነባለን። «የትናንትናው የት ሄደ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ትዝ አይለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የተረፉት አዘጋጆች ለታሰረው ጠረጴዛ ያውጡለት አያውጡለት ከድንጋዩ ላይ ሆኜ የማየው ነገር አልነበረም። እኔ በራሴ ዓይን ያየሁት ምንጣፉ ላይ ክፍተት እንዳልነበረ ነው።

በጀርመን ግን ክፍተቱ ታየ። ተማሪዎችና መምህራን አደባባይ ወጡ። አደናወር በኅዳር 7 በምክር ቤቱ ቆመው «በአገራችን የአገር ክህደት ገደል ተከፍቷል» አሉ፤ ቀጥለውም አውግሽታይን በክህደት ገንዘብ ያተርፋል ብለው ወረዱበት። ሰውየው ገና አልተከሰሰም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን ፈርደውበታል። ሽትራውስ በበኩሉ በነገሩ እጄ የለበትም ሲል ከቆየ በኋላ የማድሪዱን ስልክ ለማመን ተገደደ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሄርማን ኸኸርል ደግሞ የአለርስ አያያዝ «ከሕግ ትንሽ ወጣ ያለ ነው» ብሎ መለሰ። ጀርመኖች ይህችን አነጋገር እስከ ዛሬ እየሳቁ ይጠቅሷታል። እኛ አገር ቢሆን ኖሮ ይህ መልስ ከጨዋነት ይቆጠርለት ነበር።

ጥምር መንግሥቱ ውስጥ የነበሩት አምስቱ የነጻ ዴሞክራቶች ሚኒስትሮች በኅዳር 19 ሥልጣን ለቀቁ። ከእነሱ አንዱ የፍትሕ ሚኒስትሩ ነበር፤ በሥሩ ባለው የዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት የተመራው ዘመቻ ለእሱ ሳይነገረው ነበር የተካሄደው። አዲስ ካቢኔ ሲዋቀር ሽትራውስ የለበትም። አደናወርም በሚቀጥለው ዓመት እንደሚለቁ ቃል ለመግባት ተገደዱ፤ በጥቅምት 1963ም ለቀቁ። የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በግንቦት 1965 አውግሽታይንንና አለርስን ለፍርድ የሚያቀርብ በቂ ማስረጃ የለም አለ። መጽሔቱ በፊናው ወረራው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አመለከተ፤ ነሐሴ 5 ቀን 1966 ስምንቱ ዳኞች አራት ለአራት ተከፈሉ። ድምፅ እኩል ሲሆን ጥሰት አለ ሊባል ስለማይችል ሽፒግል ተረታ። ይሁን እንጂ ያው ፍርድ፣ በመንግሥት ያልተያዘና ቅድመ ምርመራ የሌለበት ፕሬስ ለነጻ አገር የግድ ነው ብሎ በዝርዝር ስላተተ፣ የጀርመን የፕሬስ ሕግ ተማሪ ሁሉ ዛሬ የሚጀምረው ከዚያ ከተሸነፈበት መዝገብ ነው።

አለርስ ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጠቅላይ ሚኒስትር ቪሊ ብራንት ዘመን የመንግሥት ቃል አቀባይ ሆነ። ሽትራውስም ቢሆን አልጠፋም፤ የባየር ክፍለ ግዛት ርዕሰ መስተዳድር ሆኖ ከ1978 እስከ ዕለተ ሞቱ ገዛ፤ ሽፒግልም እስከዚያው ድረስ አልለቀቀውም። እዚህ ላይ መጽሔቱ ሚዛን ስቶ ነበር ብዬ አምናለሁ። አጎቴ ያመጧቸው እትሞች ውስጥ ሽትራውስ ያልተወጋበት ማግኘት ይቸግራል።

እነዚያ እትሞች አጎቴ ይማሩባት ወደነበረችው ወደ ድሬስደን እንዴት ደረሱ የሚለው ራሱን የቻለ ነገር ነው። አጎቴ ወደ ምሥራቅ ጀርመን በገቡ በጥቂት ወራት፣ በጥር 1978፣ መንግሥት የሽፒግልን የምሥራቅ በርሊን ቢሮ ዘጋ። ምክንያቱ መጽሔቱ በገዢው ፓርቲ ውስጥ ያሉ ስማቸው ያልተገለጸ ተቃዋሚዎች ጻፉት የተባለ ማኒፌስቶ ማተሙ ነበር። «መጽሔቱን ገና ሳላየው ጠላቶቹን አየኋቸው» ይላሉ አጎቴ። የአገሬው ተማሪ የበርሊንን ግንብ መሻገር አይችልም፤ የውጭ አገር ፓስፖርት የያዘ ተማሪ ግን በፍሪድሪሽ ሽትራሰ ባቡር ጣቢያ በኩል ምዕራብ በርሊን ደርሶ መመለስ ይችል ነበር። እሳቸውም ቅዳሜ ቅዳሜ ቡናና ሱሪ ለመግዛት እየተሻገሩ፣ ሲመለሱ መጽሔቱን በሆዳቸውና በሸሚዛቸው መካከል ያደርጉት ነበር። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ከዚያ አምልጠው የመጡበት አገር ደርግ የሚገዛው መሆኑ ነው። ከአሥራ አንዱ አራቱ ያለቁት በማዋስ ነው፤ ጀርመንኛ የማያነቡ ሰዎች ሳይቀሩ ሥዕሉን ለማየት ተውሰው አልመለሱም።

አውግሽታይን በ1974 የኩባንያውን ግማሽ ለሠራተኞቹ ሰጠ፤ በኋላም ድርሻቸው 50.5 በመቶ ደረሰ። ባለቤቱ ጸሐፊው፣ ፈታሹና የሒሳብ ሠራተኛው የሆነበት የዚህን ያህል ትልቅ መጽሔት ሌላ ቦታ መኖሩን እጠራጠራለሁ። አጎቴ ይህን ዋቢ አድርገው «ኃይሉ በቤቱ ውስጥ ነው አላልኩህም?» ይሉኛል። እኔ በመልሱ የ1987ቱን ነገር አነሣባቸዋለሁ። በዚያ ዓመት መስከረም፣ በሽሌስቪግ ሆልሽታይን ምርጫ ዋዜማ፣ የክፍለ ግዛቱ ርዕሰ መስተዳድር ኡቨ ባርሸል ጽሕፈት ቤት በተቀናቃኙ ላይ ያካሄደውን ስለላና ስም ማጥፋት ሽፒግል አጋለጠ። ነገሩን ያመጣው የመጽሔቱ ዘጋቢ አልነበረም፤ ሥራውን ራሱ ሲሠራ የነበረ የባርሸል ሠራተኛ ነው ገብቶ የተናገረው። ባርሸል ሥልጣን ለቀቀ፤ በጥቅምትም ጄኔቭ ውስጥ በአንድ ሆቴል መታጠቢያ ቤት ሞቶ ተገኘ። ከውጭ የሚመጣ እጅ ሁልጊዜ ንጹሕ እንዳልሆነም ያኔ አየሁ።

የክርክራችን ከባዱ ምዕራፍ የመጣው በታኅሣሥ 2018 ነው። ክላስ ሬሎጽዩስ የተባለ ወጣት ዘጋቢ፣ በሽልማት ላይ ሽልማት የተደራረበለት፣ ለዓመታት ያላገኛቸውን ሰዎች እንዳገኘ፣ ያልሰማውን ንግግር እንደሰማ አድርጎ ሲጽፍ እንደነበር መጽሔቱ ራሱ ገለጠ። ሽፒግል ላይ ያወጣቸው ጽሑፎች ስድሳ ያህል ነበሩ። እያንዳንዱ አኃዝ የሚፈተሽበት ያ ታላቅ ማኅደር የከተማዎችን ስም፣ የመንገዶችን ርቀት፣ የሕዝብ ብዛትን ይፈትሽ ነበር፤ አንድ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ለዘጋቢው ብቻ ነገረው የተባለውን ግን የሚፈትሽበት ምንም መንገድ አልነበረውም፤ ዘጋቢውም ይህን ያውቅ ነበር። የያዘው ሁዋን ሞሬኖ ነው፤ የዝግጅት ክፍሉ ቋሚ ሠራተኛ ያልሆነ፣ በውል የሚጽፍ ዘጋቢ። ስለ ሜክሲኮ ድንበር አብረው በጻፉት አንድ ጽሑፍ ጥርጣሬ ሲገባው ለአለቆቹ ተናገረ፤ እነሱ ግን መጀመሪያ የተጠራጠሩት ሞሬኖን ነበር። በራሱ ወጪና ጊዜ አሜሪካ ላይ ሰዎቹን ፈልጎ አግኝቶ፣ ሬሎጽዩስ አነጋገርኳቸው ያላቸውን እነዚያን ሰዎች የሬሎጽዩስን ፎቶግራፍ እያሳየ ጠየቃቸው፤ አይተነው አናውቅም አሉት።

በዚያው ሳምንት የወጣው እትም ሽፋን ላይ ፎቶግራፍ አልነበረም። የአውግሽታይን መፈክር በትልቁ ተጽፎበት ነበር፤ «ያለውን መናገር»። ይኸው ቃል በሃምቡርጉ ሕንፃ መግቢያ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ባለፈው ጥር፣ ግቢያቸው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠን፣ ከስልኬ ላይ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ጨርሼ «እንግዲህ ጋሼ፣ ማኅደሩ የት ነበር?» አልኳቸው።

«ማኅደሩማ እዚያው ነበር» አሉኝ፤ «ያ ውጪ ያለው ልጅ ከጠቆመ በኋላ ስድሳውን ጽሑፍ አንድ በአንድ ያበጠሩት በምን ይመስልሃል?»

መልስ እየፈለግሁ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሠፈሩን ከለቀቁ ብዙ ዓመት የሆናቸው የአንድ ጎረቤታችን ልጅ ነበረች፤ አባቷ ካረፉ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ዕቃቸውን ስታስተካክል ያገኘችውን ነገር በፌስታል ይዛ መጥታለች። ከፌስታሉ ውስጥ የወጣው ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሔት ነው፤ ቀዩ ጠርዝ ከሩቅ ስለሚያስታውቅ ሰውየው በደርግ ጊዜ ገንጥለው ጥለውት ይሆናል። አጎቴ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ኅዳጉ ላይ ያለውን የራሳቸውን የእርሳስ ጽሑፍ ፈለጉና አገኙት። ልጅቷን ቡና ካልጠጣሽ አትሄጂም አሏት።

«ስምንት» አሉኝ፣ መጽሔቱን እያቀበሉኝ።